ስለ ጣና ዓሦችና ስለ መንጋቸው ሥርዓት

ጣና ሐይቅን ለመጐብኘት የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ከውኃው በላይ ያለውን ነው። ደሴቶቹን፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል ገዳማት የተጠበቁትን የብራና መጻሕፍት፣ የዘጌን ቡናና ከደንገል የተሠራውን ታንኳ አይቶ፣ አድንቆም ይመለሳል። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከታንኳው በታች ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ፤ እርሱም የዓሣ ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ አለቃ ሳይሾምበት፣ ነጋሪትም ሳይጐሰምለት እንደ አንድ አካል ሆኖ ሲሄድ ያስተዋለ ሰው፣ ከደሴቶቹ ያላነሰ የሚደነቅ ነገር አየ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጣና ውኃና በውስጡ ስላለው የመንጋ ሥርዓት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ታላቁ ነው። ይሁን እንጂ ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱን የሚገምት ሰው ይሳሳታል፤ ከሁሉ ይልቅ ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነውና። ከደቡብ ግልገል ዓባይ፣ ከምሥራቅ ጉማራና ርብ፣ ከሰሜን መገጭ ይገቡበታል፤ ከእርሱ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከባሕር ዳር ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል። ከቆላ የሚመጣ ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች በከፍተኛ አምባ ላይ እንደ ሰፈሩ ሰዎች ከታች ካሉት ዘመዶቻቸው ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት በራሳቸው ኖረዋል።

ተለይተው ከመኖራቸውም የተነሣ በሌላ አገር የማይገኙ ዓይነቶች ወጥተዋል። ሊቃውንት ላቤዎባርቡስ ብለው ከሚጠሩት ወገን በዚህ ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል ልዩ ልዩ ዓይነቶች ተቈጥረዋል፤ ከእነዚህም ስምንቱ ሌሎችን ዓሦች እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የሚያስገርመው ነገር፣ የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው የበቀለው በጉሮሮአቸው ውስጥ ነው። እንግዲህ ያገኙትን ነክሰው ለመያዝ ስለማይችሉ፣ እንደ ጉርሻ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ትንሽ ዓሣ መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል። ለዚህም ምግብ የሚሆኑት ርዝመታቸው ከጣት ብዙ የማይበልጥ፣ ዳር በሌለው ገላጣ ውኃ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። እነዚህ ትናንሾች የሚሸሸጉበት ዋሻ ወይም ቄጠማ የላቸውም። መሸሸጊያቸው ባልንጀራቸው ነው።

ከባሕር ዳር በማለዳ ተነሥቶ የምሥራቁን ዳርቻ እየተከተለ ወደ ሰሜን በጀልባ የሚሄድ ሰው፣ ነፋሱ ገና ሳይነሣና ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ፣ በአንድ ስፍራ ብቻ ካፊያ የወረደበት የሚመስል ጥቃቅን እንቅስቃሴ ሊያይ ይችላል። ቀርቦ የተመለከተው እንደሆነ ከወለሉ በታች ጥላ የመሰለ ነገር ሲሄድ ያያል። የጀልባው ጥላ በላዩ ባረፈ ጊዜ ያ ሁሉ መንጋ በአንድ ቅጽበት ጐኑን ሲያዞር እንደ ብር ብልጭ ይልና ወዲያው ይጠፋል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ሄዶ ሲጋጭ አይታይም። ታዲያ ይህን ያየ ሰው፣ ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው? ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው የቈየ ነው። ስለ ወፎች መንጋ የጻፈው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሴሉስ በ1931 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሐሳብ ያለ ቃልና ያለ ምልክት ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው ይተላለፍ ይሆናል ብሎ እስከ መገመት ደርሶ ነበር። ሌሎችም መንጋው የሚመራ አለቃ እንዳለው አስበዋል። ነገር ግን መንጋው ወደ ጐን በታጠፈ ጊዜ አስቀድሞ ከፊት የነበረው ከዳር ይሆናል፤ ከዳር የነበረውም ከፊት ይገኛል። የመሪነት ስፍራ እንዲህ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሁሉን የሚያዝዝ አንድ አለቃ አለ ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ መርማሪዎች ፊታቸውን ከመንጋው ወደ እያንዳንዱ ዓሣ መለሱ፤ ይኸውም አንዱ ዓሣ ምን ያያል? ምን ይሰማዋል? ከጐረቤቱስ ጋር እንዴት ይስማማል? ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

መጀመሪያው መልስ ዓይን ነው። የዓሣ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተተከሉ፣ ከኋላው ካለው ጥቂት ስፍራ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ይችላል። ነገር ግን ዓይን ብቻውን እንዳልሆነ በ1976 በታወቀ አንድ ፈተና ተገለጠ። ፒቸር፣ ፓርትሪጅና ዋርድል የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በመንጋ የሚሄዱ የባሕር ዓሦችን ክብ በሆነ የውኃ ገንዳ ውስጥ አኖሩ። ከእነርሱም የጥቂቶቹን ዓይን ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን ለጊዜው ሸፈኑ። የተሸፈኑት ዓሦች ሳይጋጩና ሳይባዝኑ ከሚያዩት ጋር አብረው ዋኙ። ምስጢሩ በጐናቸው ላይ ከጆሮ ግንድ አጠገብ ጀምሮ እስከ ጅራት በተዘረጋው መሥመር ውስጥ ነበር። በዚህ መሥመር ውስጥ እንደ ጠጉር የረቀቁ ስሜት ተቀባዮች አሉ፤ ጐረቤት ዓሣ ጅራቱን ባወዛወዘ ጊዜ የሚገፋውን ውኃ እነዚህ ይሰሙታል። ዓይኑም የተሸፈነበት፣ ይህም መሥመር የተቈረጠበት ዓሣ ግን ከመንጋው ጋር ለመሄድ አልቻለም።

በ1980 በወጣው ተከታዩ ምርመራ ደግሞ የሁለቱ ሥራ ተለይቶ ታወቀ። ዓይኑ የተሸፈነው ዓሣ ከጐረቤቱ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ የጐኑ መሥመር የተቈረጠበት ግን ከሚገባው በላይ ይጠጋል። ስለዚህ ዓይን ወደ ባልንጀራው ይስበዋል፤ ጐኑም መጠጋቱን ይወስንለታል ለማለት ይቻላል። በመካከላቸው ያለው ተገቢ ርቀት የሚጠበቀው ሁለቱ ስሜቶች ሲረዳዱ ነው።

ከዚህ በኋላ በ1982 ጃፓናዊው አዮኪ፣ በ1987 ደግሞ አሜሪካዊው ሬይኖልድስ የመንጋን ጉዞ በሒሳብ መኪና ሠርተው አሳዩ። ለእያንዳንዱ የሰጡት ትእዛዝ ጥቂት ነበር፤ እጅግ ከቀረበህ ባልንጀራ ራቅ፣ ከአጠገብህ ካሉት ጋር አቅጣጫህን አስተካክል፣ ከራቁህም ጋር ለመገናኘት ቅረብ የሚል ነው። ይህ ብቻ ሲታዘዝ መንጋው በራሱ ሲሠራ፣ ሲታጠፍና ሲሰበሰብ ታየ። በ2011 እውነተኛ ዓሦችን በሥዕል መሣሪያ እየተከታተሉ የለኩ ሊቃውንት ግን አንድ ማረሚያ ጨመሩ። ዓሣው ይልቁን የሚጠብቀው ፍጥነቱን ነው፤ ባልንጀራው ከፊት ሲቀድመው ይፈጥናል፣ ከኋላ ሲቀርበትም ይዘገያል። አቅጣጫን ማስተካከሉ ከዚህ መጠባበቅ የሚወጣ ፍሬ ይመስላል።

በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገውም ምርመራ ጥልቅ ነው። በዚያ የነበሩት መርማሪዎች በአንድ መንጋ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዓሣ በዓይኑ የሚያየውን ሁሉ በሒሳብ አስልተው አወጡ። በ2013 እንዳስታወቁትም፣ አንድ ዓሣ የሚከተለው ለእርሱ በርቀት ቅርብ የሆነውን ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የሚታየውን ነው። በብዙ ሕዝብ መካከል አንዱ ለሌላው መጋረጃ ስለሚሆን፣ በአንድ ክንድ ርቀት ያለው የማይታይበት፣ ራቅ ያለውም በግልጥ የሚታይበት ጊዜ አለ። አንዱ ሲደነግጥ ያዩት ይደነግጣሉ፤ እነርሱንም ያዩት ይከተላሉ። ይህ የድንጋጤ ማዕበል አንድ ዓሣ ከሚዋኝበት ፍጥነት በላይ ፈጥኖ እንደሚሄድ ሩሲያዊው ራዳኮቭ አስቀድሞ ገልጦት ነበር። አዳኙ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ምንድር ነው? በ1974 የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፣ የመንጋው ቍጥር በበዛ መጠን አዳኙ አንዱን ለይቶ መያዝ ይቸግረዋል፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በፊቱ ሲያልፍ ዓይኑ ይዋልላልና። በ1986 ደግሞ ሁለት ሊቃውንት ብር በሚመስሉ ትናንሽ ዓሦች መካከል አንዱን ወይም ሁለቱን በሰማያዊ ቀለም ቀብተው ከአዳኝ ዓሣ ፊት አቀረቧቸው። አዳኙ ወዲያው ቀናው። መንጋው የሚጠብቀው መልኩም አካሄዱም አንድ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ የተለየ ምልክት ያለበት ካለ ለራሱም ለባልንጀሮቹም አደጋ ያመጣል።

ከመሸሸጉም ሌላ መንጋ የማወቂያ መሣሪያ ነው። በ2013 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጥላ የሚወድዱ ዓሦችን ብርሃኑ በየጊዜው በሚለዋወጥበት ውኃ ውስጥ አስገብተው ተመለከቱ። ብቻውን ያለው ዓሣ ጥላውን ተከትሎ ለመሄድ እጅግ ደካማ ነበር። መንጋው በበዛ ጊዜ ግን ጥላውን እየተከተለ በሚገባ አገኘው። ይህ የሆነው ጥበበኛ ዓሣ ስላገኙ አልነበረም። በጥላ ውስጥ የገባው ዓሣ ይዘገያል፤ በብርሃን ያለው ይፈጥናል፤ የፈጠነውም ወደ ዘገየው ባልንጀራው ሲሳብ መንጋው ሁሉ ወደ ጥላው ይዞራል። አንዱ ለብቻው የማያውቀውን ነገር ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው በመተያየት ብቻ አወቁት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በዓሦችም ዘንድ ይሠራል።

በ2008 የወጣ ሌላ ምርመራ ደግሞ፣ ሰው የሠራው አንድ የዓሣ ምስል ብቻውን በአዳኝ ምስል አጠገብ ሲያልፍ መንጋው ለመከተል እንደሚያመነታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲያልፉ ግን እንደሚከተላቸው አሳይቷል። አንድ ሰው በስሕተት ሊደፍር ይችላል፤ ብዙዎች አብረው መሳሳታቸው ግን ያነሰ ነው። በ2011 የተገለጠው ለጉባኤ ሰዎች ይልቁን የሚያስደስት ነው። ጥቂት ዓሦች ወደ አንድ ቀለም ለመሄድ ጠንካራ ፍላጎት ሲኖራቸው፣ የሚበዙት ደግሞ ወደ ሌላ ቀለም ሲለመዱ፣ ጥቂቶቹ በጽናታቸው ብዙዎቹን ወደ ራሳቸው ይስቡ ነበር። ወደ የትኛውም ያልተለመዱ ዓሦች በመካከላቸው በተጨመሩ ጊዜ ግን ፍርዱ ወደሚበዙት ተመለሰ። ሰው ዓሣ አይደለምና ይህን አንሥቶ በሸንጎ ላይ እንዳለ መጣል አይገባም፤ ነገር ግን ድምፁን ከፍ ያላደረገው ሕዝብ ሚዛን እንደሚጠብቅ ለማሰብ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ከ15ቱ የላቤዎባርቡስ ዓይነቶች ቢያንስ ሰባቱ እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። አስቀድመው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጠጠርና ጥሩ ውኃ ወዳለባቸው ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። በፎገራና በደራ ሜዳ በኩል በዚያ ወራት ያለፈ ሰው የወንዙ ውኃ ከእርሻ በታጠበው አፈር ቀልቶ ወደ ሐይቁ ሲገባ አይቷል። በዚህ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ዓይን ብዙ አይጠቅምም፤ የጐን መሥመር ያልነው ስሜት ይልቁን የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ስፍራ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በሌላ አገር በትናንሽ ዓሦች ላይ በተደረገ ምርመራ ውኃ በደፈረሰ ጊዜ የመንጋው ኅብረት እንደሚላላ ታይቷል። እንግዲህ በተራቈተው ኮረብታ ላይ የሚፈስሰው ጎርፍ የገበሬውን መሬት ብቻ ሳይሆን የዓሣውንም መተያያ እየወሰደ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ግን መረብ ነው። ትንሹ ዓሣ በብዛት መካከል ቢሸሸግ ከአዳኝ ዓሣ ያመልጣል፤ መረብ ግን ዓይን የለውምና አይዋልልም፣ አይደናገርም። ለአዳኝ መከላከያ የሆነው መሰብሰብ ለመረብ ምቹ አዝመራ ይሆናል። ቀድሞ በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱት ወይጦዎችና ሌሎች የሐይቁ ዳር ሰዎች ከዳርቻው ብዙ አይርቁም ነበር። በ1986 ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ከናይሎን የተሠሩ መረቦች ከገቡ በኋላ ግን ወንዝ አፍ ድረስ ሄዶ የተሰበሰበውን መንጋ በአንድ ሌሊት ማውጣት ተቻለ። ሊቃውንት በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ የለኩትን ሲያስተያዩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። እንቍላል የያዘችውን እናት በመንገድ ላይ የወሰደ ሰው የሚወስደው የዚያን ዓመት ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጡትንም ዓመታት ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። መንጋ የሚያውቀውን የሚያውቀው አንዱ ሌላውን በማየት ከሆነ፣ የሚያዩአቸው ሲያልቁ ዕውቀቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በኖርዌይ ባሕር ይኖር የነበረው ታላቁ የሄሪንግ ዓሣ መንጋ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመጠን በላይ በመጠመዱ ሊያልቅ ደረሰ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና በበዛ ጊዜ ግን ክረምቱን የሚያሳልፈው አባቶቹ ያሳልፉበት በነበረው በአይስላንድ ምሥራቅ ባለው ባሕር ሳይሆን በኖርዌይ የባሕር ሰርጦች ውስጥ ሆነ። ሊቃውንት ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ መንገዱን የሚያሳዩት ሽማግሎች ስላለቁ ነው የሚል ነው። የጣናም ዓሦች ከወንዝ አፍ በየዓመቱ ሲለቀሙ መቅረታቸውን ስናስብ ይህ ምሳሌ ሊያስጠነቅቀን ይገባል።

በአጥማጁ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ቅንነት አይሆንም። ክረምት ለድኻ ቤት የችግር ወራት ነው፤ መረቡም ከዕዳ ጋር የተገዛ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የሐይቁ መከራ ከአጥማጁ ብቻ የመጣ አይደለም። ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የሚባለው አረም የሐይቁን ዳር ይዟል፤ በርብ ወንዝ ላይም ለመስኖ የሚሆን ግድብ ተሠርቷል። መስኖ ለገበሬው እንጀራ ነው፤ ይሁን እንጂ ወንዝ ሲገደብ የሚወጣው ዓሣ ስለሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ መጠየቅ የመሐንዲሱም የሹሙም ተግባር ነው።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ በአገራችን አለ፤ ቁጥሩም 315፣ ዘመኑም በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1995 ነው። ጣናም በ2015 በዩኔስኮ ከባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ተቈጥሯል። አዋጅ ግን በመዝገብ ቤት ሳለ ዓሣን አያድንም። የሚያድነው በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ሌሊት፣ በጉማራ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ የሚጠብቅ ሰው ሲገኝና ለእነዚያ ሁለትና ሦስት ወራት አጥማጁ የሚኖርበት ሌላ ሥራ ሲታሰብለት ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ የወንዞቹ አፍ ግን በጣት የሚቈጠር ነው። ሁሉን ለመጠበቅ የማይችል ሹም በሩን ለመጠበቅ ይችላል።

ወይዛዝርትም በቤታቸው ሊረዱ ይችላሉ። በክረምት ወደ ገበያ ሲልኩ፣ ከወንዝ አፍ የመጣና ሆዱ በእንቍላል የተሞላ ዓሣ እንዳይገዛ፣ በምትኩ ቆሮሶ ወይም አምባዛ እንዲመረጥ ማዘዝ ከባድ ነገር አይደለም። ገዢ ያጣ ዕቃ ወደ ገበያ መውጣቱን ያቆማልና።

ለልጆችም ያለ ገንዘብ የሚገኝ ትምህርት አለ። ከባሕር ዳር ዳርቻ ትናንሽ ዓሦች በሚታዩበት ጥልቀት በሌለው ስፍራ አስቀምጧቸው፤ ጥላቸው በውኃው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐይን ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ጥቂት ጊዜም ዝም ይበሉ። ከዚያ አንዱ ልጅ ከአንድ ወገን ብቻ እጁን ቀስ አድርጎ ከውኃው በላይ ያሳልፍ። ሌሎቹ የትኛው ዓሣ አስቀድሞ እንደ ዞረ፣ እጁን ጨርሶ ያላየው ዓሣም ስለምን እንደ ዞረ ይጠየቁ። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል፤ ያገኙትንም ነገ ሹማምንትና መሐንዲሶች በሆኑ ጊዜ የወንዙን አፍ ሲያዩ ያስታውሱታል።